ለአያት ሲባል ልጅ ይከተብ?

ኢንፍሉዌንዛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለሐዘን የዳረገው የኅዳር በሽታ ይኸው ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናጤስም ከእሱ ጋር አያይዘን ነው። ያኔ ለዚህ በሽታ በትክክል የሚሠራ ክትባት የትም አልነበረም። ክትባቱ ከመጣ በኋላ ግን መንግሥታትን ሌላ ጥያቄ አስጨነቃቸው፦ ማን ይከተብ? እስኪ ለዚህ ጥያቄ ሁለት የማይገጥሙ መልሶች ያገኘችውን የጃፓንን ታሪክ እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1957 የእስያ ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ወረርሽኝ ጃፓንን ክፉኛ መታ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ መንግሥት የትምህርት ቤት ልጆችን ማስከተብ ጀመረ። አሜሪካ በ1960 ክትባቱን ለአዛውንቶችና ለሕሙማን ስትመክር ጃፓን ልጆቹን መረጠች። ሐሳቡ ለመረዳት አይከብድም። በሽታውን ከክፍል ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት ልጆች ናቸውና እነሱ ከተከተቡ ቤተሰቡም ይተርፋል ነው ነገሩ። በ1977 ደግሞ ክትባቱ ግዴታ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1979፣ ማኤባሺ በምትባል ከተማ አንድ ልጅ ከተከተበ በኋላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የከተማዋ የሐኪሞች ማኅበር ክትባቱን አቆመ። ሐኪሞቹ ግን አቁመው ዝም አላሉም። ያልተከተቡትን የማኤባሺ ልጆች ክትባቱ ከቀጠለባቸው የአጎራባች ከተሞች ልጆች ጋር ለዓመታት አነጻጸሩ። በ1987 ይፋ ያደረጉት ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ወላጆች እምቢ የማለት መብት አገኙ፤ የሚከተቡት ልጆች ቁጥርም አሽቆለቆለ። በ1994 ፕሮግራሙ ጭራሽ ቀረ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስል ነበር። በ2001 ግን ቶማስ ራይከርትና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አንድ ጥናት አወጡ። የጃፓንንና የአሜሪካን የብዙ ዓመታት የሞት መዝገብ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፣ ልጆች በብዛት በተከተቡባቸው ዓመታት የጃፓን የክረምት ሞት ቀንሶ፣ ክትባቱ ሲቆም ደግሞ ጨምሮ አገኙት። በስሌታቸው መሠረት ክትባቱ በዓመት ከ37,000 እስከ 49,000 ሰው ከሞት አትርፏል፤ ይህም ለ420 የተከተቡ ልጆች አንድ ነፍስ ማለት ነው። የተረፉት በአብዛኛው አረጋውያን ነበሩ።

ልብ በሉ፣ ማኤባሺዎች የጠየቁት «ልጁ ታመመ ወይ?» ብለው ነው። «አያቱስ ተረፉ ወይ?» የሚለው የጥናታቸው ዋና ጥያቄ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛውንም ጥናት እንደ ወንጌል መቀበል አይገባም። ሁለት ነገሮች አብረው ስለወጡና ስለወረዱ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ በእነዚያ ዓመታት የጃፓን ሕዝብም እያረጀ ነበር። ጃፓንም ብትሆን በ2001 ሕጓን ስታሻሽል ክትባቱን ያዘጋጀችው ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላቸው ነበር እንጂ ወደ ተማሪዎቹ ግዴታ አልተመለሰችም።

እንግሊዝ በበኩሏ ሌላ መንገድ ያዘች። የክትባት አማካሪ ኮሚቴዋ በ2012 ወጪና ጥቅሙን አስልቶ፣ ልጆች በአፍንጫ የሚረጨውን ክትባት እንዲያገኙ መከረ። በ2013 ሥራው ሲጀመር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙሉ የተከተቡት በተመረጡ የሙከራ አካባቢዎች ብቻ ነበር፤ ይህም ከሌላው አካባቢ ጋር ለማነጻጸር አመቸ። በሙከራዎቹ አካባቢዎች በጉንፋን መሰል ሕመም ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም ቀነሱ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የያዝነው ነገር ቢኖር ማስረጃ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑን ነው። ያልጠየቅነው ሳይቆጠር ይቀራል፣ ያልተቆጠረውም የሌለ ይመስለናል። አንድ ነገር ግን የትኛውም ጥናት አይመልስልንም። ለአያቱ ጤና ሲባል የልጅን ክንድ መውጋት ተገቢ ነው ወይ? እኛ ተገቢ ነው እንላለን፤ ግን ለማን ጥቅም እንደሆነ ለወላጅ በግልጽ ተነግሮት፣ እምቢ ማለትም እየቻለ ሲፈቅድ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?