ጋንና ጣሳ፦ የቤት ጠላ ጥበብ በቢቸናና በሞጣ

ዛሬ በባሕር ማዶ ሰው በቤቱ ቢራ ልጥመቅ ቢል ብዙ አይቸገርም። ከመደብር አንድ ጣሳ የብቅል ጭማቂና አንድ ከረጢት ደረቅ እርሾ ይገዛል፤ ጭማቂውን በውሃ ይበጠብጣል፤ እርሾውን ይነሰንስበታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጠጣል። እህሉን ያበቀለው፣ ስታርቹን ወደ ስኳር የለወጠው፣ መራራውን ሆፕ ያፈላው ፋብሪካው ነው። ለባለቤቱ የቀረው ሥራ ንጽሕና መጠበቅና መታገሥ ነው። ይህም ቢሆን ያለ ሕግ ፈቃድ አልተገኘም። በእንግሊዝ አገር ለቤት ጠመቃ ፈቃድ ማውጣት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ለቤት የሚጠመቀውን ቢራ ከግብር ነጻ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ ነው።

የቢቸናና የሞጣ ሴት ግን ጣሳውንም ፋብሪካውንም ሳትጠብቅ፣ ከብቅሉ ጀምሮ እስከ ጽዋው ድረስ ያለውን ሥራ ሁሉ በአንድ ማጀት ውስጥ ስትፈጽም ኖራለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ ልማድ ብቻ ሳይሆን፣ እኛ መሐንዲሶች ልናጠናው የሚገባ የምርት ሂደት መሆኑን ለሙያ ባልደረቦቼ ማሳሰብ ነው።

ሁለቱ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአንድ ወገን የጮቄ ተራራ፣ በሌላው ወገን የዓባይ ሸለቆ አለ። ከደጋው ገብስ፣ ከሜዳው ጤፍና ስንዴ፣ ዝቅ ካለው አገር ዳጉሳና በቆሎ ይመጣል። ጠላውም እንደ እህሉ ይለያያል። በቆሎ መሠረቱ ከአሜሪካ ምድር ስለሆነ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት በፊት በጋኖቻችን ውስጥ ሊገባ አይችልም ነበር። ዛሬ ከጠላ እህሎች አንዱ መሆኑ ጠማቂዎቹ አዲስ ነገር ሲመጣ እየሞከሩ የተቀበሉ እንጂ የወረሱትን ብቻ የደገሙ አለመሆናቸውን ያስረዳል።

በቀድሞው ዘመን ግብር ላይ ጠጅ የመኳንንቱ፣ ጠላ የሠራዊቱና የሕዝቡ መጠጥ ነበር። በገጠሩም ያለ ጠላ ደቦ አይጠራም፤ ማኅበርና ሰንበቴ አይወጣም፤ ሠርግ አይደገስም። በከተማ ደግሞ ጠላ ቤት ብዙ ብቸኛ ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት መተዳደሪያ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ጋን ጠላ ሲበላሽ የሚጎድለው መጠጥ ብቻ አልነበረም፤ የቤቱ ክብርና የልጆቹ ቀለብ ጭምር ነበር። ጥበቡን ጥንቁቅ ያደረገው ይህ ኃላፊነት ነው።

እስቲ ሂደቱን በሙያችን ዓይን እንመልከተው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፤ ጢሱ ጀርም ይቀንሳል፤ መዓዛም ይሰጣል። እህሉ በውሃ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሲያጎነቁል፣ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡት ኤንዛይሞች ይፈጠራሉ፤ ከዚያም ብቅሉ በፀሐይ ይደርቃል። ጌሾ፣ ብቅልና ቂጣ በውሃ ተደባልቀው ጥንስስ ይሆናሉ። ቀጥሎ ዱቄት በውሃ እየረሰረሰ፣ በምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል፤ እሳቱ ስታርቹን ለኤንዛይሞቹ ያመቻቸዋል። እንኩሮው ሳይቀዘቅዝ ከጥንስሱ ጋር ቢገናኝ እርሾውን ይገድላል፤ ስለዚህ ጠማቂዋ በእጇ ዳስሳ ታረጋግጣለች። ድፍድፉ ከፈላ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የጋኑ አፍ ይመረጋል፤ አየርም እንዳይገባበት ይሆናል። በመጨረሻ ከአተላው ቅራሪ ይወጣል፤ የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

የአውሮፓ ጠመቃ በጽሑፍና በመሣሪያ ላይ የቆመው ብዙም ሳይርቅ ነው። ፓስተር ስለ ቢራ ያደረገውን ጥናት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1876 ሲሆን፣ ሐንሰን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንድ ዓይነት ንጹሕ እርሾ ለይቶ ያወጣው በ1883 ነው። በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም ሁለቱ ጥበቦች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዱ በመዝገብ፣ ሌላው በቃል። ስለ ጠላ ጥቃቅን ሕዋሳት ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በሲኔት መጽሔት ጥናት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እንደዚህ ያለው ጥናት ሊበረታታና ሊስፋፋ ይገባዋል።

በበኩሌ አንድ ጊዜ የእናቴን ጠላ በሚዛንና በቴርሞሜትር ተከታትዬ እያንዳንዱን መጠን በደብተሬ መዘገብሁ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሼም በአዲስ የፕላስቲክ በርሜል በዚያው መጠን ጠመቅሁ። ጠላው ሆምጣጤ ሆነ። ለእናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ በምን አጠንኸው?» ደብተሬን ባገላብጥ ስለ ጢሱ የጻፍሁት ነገር አልነበረም። ጢሱን ለወግ የሚደረግ ነገር ነው ብዬ ንቄ ትቼው ነበር። ደግሞም አሮጌው ሸክላ ጋን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለፈውን ጠላ እርሾ ይዞ እንደሚቆይ፣ የእኔ በርሜል ግን ባዶ እንደ ነበረ የተረዳሁት ኋላ ነው። የመዘገብሁት ልለካው የቻልሁትን ብቻ ነበር።

ጣሳውን አልነቅፍም፤ ሥራ ያቀላልና። ነገር ግን የጣሳው ባለቤት ዕውቀቱን በፋብሪካ ትቶት ይገዛል፤ የጋኗ ባለቤት ዕውቀቱን ራሷ ይዛዋለች። ችግሩ የእርሷ ዕውቀት ያልተጻፈ በመሆኑ፣ ልጆቿ ከተማ ሲገቡና ጋኑ በፕላስቲክ ሲተካ አብሮ መሄዱ ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ለበዓል ወደየአገራችን ስንወርድ ሚዛንና ቴርሞሜትር ከደብተር ጋር ይዘን እንሂድ። ከመለካታችን በፊት ግን እንጠይቅ፤ ትርጉም የሌለው የሚመስለንንም እንጻፍ። ከጽሑፉም ራስ ላይ ያስተማረችንን ሴት ስም፣ እርሷ ከፈቀደች፣ እናስቀምጥ።