ማጀታችን ለምን ጠበበ? የጎታ፣ የቆጥና የጓዳ ታሪክ በገሳይ



ባለፈው ዓመት የእድራችን ዕቃ በተቆጠረ ዕለት፣ ድስቱንና ጋኑን ሲያስቆጥሩ ከዋሉት እናቶች አንዷ «የእድሩስ ዕቃ ቦታ አለው፤ መተላለፊያ ያጣው የኔ ማጀት ነው» ብለው አሳቁን። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። አንዷ ጄሪካኑን፣ አንዷ ባዶውን የዘይት ዕቃ፣ አንዷ እጀታው የተሰበረውን ባልዲ እያነሡ አማረሩ። እኔም ሳቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እናቶቻችን ከዛሬው በጠበበ ቤት፣ የዓመት እህል ከነዘሩ አስቀምጠው፣ ማጀታቸው እንዴት ገላጣ ሆኖ ይታይ ነበር? ይህ የሴቶች ሙያ ብቻ ነው እየተባለ በታሪክ መጻሕፍት ብዙ አይነሣም። ነገር ግን በጌምድር ያሳለፈው ዘመን ከጦር ሜዳው ይልቅ በጓዳው ጎልቶ ይታያል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እስቲ አስቀድመን ወደ ድሮው ቤት እንግባ። ክብ ሣር ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ መሃሉ ምሰሶ። ማጀቱን ከእልፍኙ የሚለየው ብዙ ጊዜ ሌላ ግድግዳ ሳይሆን በተርታ የቆሙት ጎታዎች ራሳቸው ነበሩ። እህሉን የሚይዘው ዕቃ ቤቱንም ይከፍላል ማለት ነው። ጎታን የምትሠራው የቤቱ እመቤት ናት። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክታ፣ አንዱን ዙር ካቆመች በኋላ እስኪደርቅ ቀናት ጠብቃ ሌላውን ትደርብበታለች። ትልቁ ጎታ በበር ስለማይወጣ እዚያው ቤት ውስጥ ተወልዶ እዚያው ያረጃል። አዲሱ እህል በላይ ይገባና አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ለዕለት የሚፈለገው ደግሞ በታች ካለችው፣ በጨርቅ ከተወተፈችው ቀዳዳ ይቀዳል። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል፤ አሮጌ እህል ከሥር ተረስቶ አይበላሽም። ድብኝት ደግሞ ከጎታ ያንሳል፤ ለጥራጥሬና ለመሳሰለው ያገለግላል።

ሌላው ዕቃ እንደየጠባዩ ይደለደላል። ጠፍጣፋው፣ ማለትም ሰፌዱና ወንፊቱ፣ በግድግዳ ላይ በኩላብ ይሰቀላል። ታቹ ክብ የሆነው ጋንና እንስራ በመደቡ ላይ በተሠራለት ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል፤ ካዘነበለም ጠጠር ይደረግለታል። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚባለው ከዚሁ የተገኘ ይመስለኛል። ደረቁና አልፎ አልፎ የሚፈለገው ቆጥ ላይ ይወጣል። ቆጡ ከምድጃው በላይ ስለሆነ ጢሱ ነቀዝን ያሸሻል፤ እናቶችም ለዘር የተመረጠውን እዚያ ያስቀምጡ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ጥፋቷ የዕለቱን ሥራ ሳትጨርስ የዓመቱን መንካቷ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ባዶ ዕቃ ቦታ አለመያዙ ነው። አቁማዳውና ስልቻው ቆዳ ናቸው፤ እህሉ ሲያልቅ ተጠቅልለው ኩላብ ላይ ይንጠለጠላሉ። እንቅብ በእንቅብ ውስጥ ይገባል። አገልግሉም መንገድ እስኪመጣ ድረስ በማንገቻው ተሰቅሎ ይከርማል። በጥር ሞልቶ የነበረው ማጀት ሐምሌ ሲደርስ እህሉ በቀነሰ መጠን ይሰፋ ነበር። ይህ ደስ የሚል ስፋት ነው አላልኩም፤ በክረምት የሰፋ ማጀት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? እኔ ግማሹ ሙያ፣ ግማሹ ፍርሃት ነው ባይ ነኝ።

ገሳይ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ በጉና አጠገብ ትገኛለች። ደብረ ታቦር ደግሞ ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ስለነበረች ጦር ሲመጣባትና ሲሄድባት የኖረች ከተማ ናት። በ1834 ዓ.ም. የራስ ዓሊና የደጃዝማች ውቤ ጦር የተፋለሙት እዚያው ነው። ወታደር ደግሞ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ከባላገሩ ጎታ ነው። ተሰሪ ሆኖ ሲመጣ ቤቱ የእሱ፣ ማጀቱም የእሱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያው ዘመናቸው ወታደሩ ደመወዝ እንዲያገኝና ድሀ እንዳይዘርፍ ለማድረግ ሞክረው ነበር፤ ይህ ሊመሰገንላቸው ይገባል። ምን ያደርጋል፣ አመፁ ሲበዛ እሳቸው ራሳቸው በበጌምድር ላይ ጨከኑ። ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. አቃጠሉ፤ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ደብረ ታቦርን በእሳት አጋይተው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። እኛ በትምህርት ቤት መድፉን ተማርን እንጂ፣ ያንን ሁሉ ጎታች የመገበውን እህል ማን ሰጠው ብሎ የጠየቀን መምህር አልነበረም።

ባላገሩም መላ አበጀ። ጎታው ለዓይን ይታያል፤ ወታደር መጥቶ የሚከፍተው እሱን ነው። ሌላው እህል መሬት ተቆፍሮ በጉድጓድ ይቀመጣል፤ አፉ ይደፈንና አፈርና ገለባ ለብሶ ሜዳ ይመስላል። እንደኛ ያለው ብርዳምና እርጥብ ደጋ ለጉድጓድ ስለማይመች ቶሎ ይሻግታል፤ ወደ ወይና ደጋውና ወደ ቆላው ግን ይሠራበት ነበር። ስለዚህ የአያቶቻችን ማጀት ገላጣ መሆኑን ሳስብ፣ የጽዳት ወዳድነት ብቻ አድርጌ አልወስደውም። ባዶ የሚመስል ማጀት ያላት ሴት ልጆቿን አብልታ ልትከርም ትችላለች።

ጉድጓዱ ሌላም ጥበብ ነበረው። በደንብ ከተደፈነ፣ ውስጡ ያለው አየር በእህሉና በነቀዙ ትንፋሽ ያልቅና ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ለዚህም ነው ጉድጓድ ሲከፈት ሰው ወዲያው የማይገባበት፤ ሳይነፍስ ዘሎ የገባ በዚያው የቀረ አለና። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የወረደው ክፉ ቀን ግን መደበቅን ዋጋ አሳጣው። የከብት በሽታው በሬውን ጨርሶ ሞፈሩ ሲቆም፣ ዝናቡም ሲጠፋ፣ አንበጣና ትል ሲደርስበት፣ የሚደበቅ እህል ከየት ይመጣል? ዘር ተበላ። ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል፣ በኛ ዘንድ ዘር ከቀለብ ተለይቶ መቀመጡና ቤት ቢራብ እንኳ አለመነካቱ እንደ ሕግ የጠበቀው። ድንችም በደጋው የተስፋፋው ያ ረሃብ ካስተማረ በኋላ ነው ይባላል። ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሆን፣ ገበሬው ግን ለብዙ ዓመታት ችላ ብሎት ነበር። የድንች ጎታው መሬቱ ራሱ ነው፤ ሳይቆፈር ይቆያል፣ ለምግብ ሲያስፈልግ ይወጣል። ለዘር የሚሆነው ብቻ ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ሳሳ ተደርጎ ሲቀመጥ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ከተከመረ ግን እንደ ክር ረዝሞ ይሰበራል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ጋኑን፣ እንስራውንና ምንቸቱን የሠሩልን እነማን ነበሩ? በጎንደር ክፍለ ሀገር ከሸክላ ሠሪዎቹ ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። በእጃቸው የተሠራውን ጋን በማጀታችን መሃል አስቀምጠን፣ እነሱን ግን ቡዳ እያልን ከደጃፋችን አራቅናቸው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ የሙያውን ብዙ ይዘውት ሄዱ። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚለው ተረት በኛ አገር እንደ ቃሉ ተፈጸመ። ምንቸትም ጠፍቶ ጄሪካን ጋን ሆኗል።

ጄሪካኑ የመጣበትን መንገድ ሁላችን እናውቀዋለን። ቻይናውያን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ1970ዎቹ የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ በገሳይ መሃል ሲያልፍ፣ ቆርቆሮው፣ ላስቲኩና የማዳበሪያው ከረጢት አብሮ ገባ። ፕላስቲክን አላማርረውም። ከወንዝ ውሃ ለምትቀዳ ልጅ ሸክላ እንስራ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ አዳልጧት የሰበረችው ዕለት ምን እንደሚደርስባት የማያውቅ ሰው ነው ጄሪካንን የሚሰድበው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ጄሪካን ሲሞላም ሲጎድልም የሚይዘው ቦታ እኩል ነው። አይታጠፍም፣ አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም፣ ተሰብሮም አፈር አይሆንም። ይጠቅም ይሆናል እየተባለ አሥሩ ይከማቻል። የማጀታችን መጥበብ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

እህሉም ከጎታ ወጥቶ ከረጢት ገባ። ከረጢት ደግሞ አየር ያስገባል፣ ነቀዝም ያስገባል። ጤፍን እንኳ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስንዴና በቆሎ ግን በጥቂት ወራት ዱቄት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ነው «የነቀዝ ክኒን» የመጣው፤ እኔም የተሳሳትኩት በዚሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገበያ ገዝቼ፣ ሻጩም ስለ አደጋው ምንም ሳይነግረኝ፣ በሁለት ከረጢት ስንዴ ውስጥ ከተትኩ። ቦታ ስላልነበረ ከረጢቶቹ የቆሙት ልጆች በሚተኙበት ክፍል ነበር። ሌሊት ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ሸተተኝና ወጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጎሕ ሲቀድ ትንሹ ልጅ ያስመልሰው ጀመር፤ እህቱም ራሷን መያዝ አቃታት። በጎረቤት ጩኸትና በጎረቤት ትከሻ ሐኪም ቤት ደረሱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ይሆናል፤ ይህን መርዝ የሚያረክስ መድኃኒትም የለም። ያን ዕለት እድራችን ድንኳን ሊተክልልኝ ጥቂት ነበር የቀረው። አባላት ሆይ፣ ሰው በሚተኛበት ቤት ይህን ክኒን አታስገቡ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስገደደኝም ዋናው ይኸው ነው።

አሁን ወደዚያ ጉድጓድ እንመለስ። ዛሬ ፒክስ የሚባል ከረጢት አለ። የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ለምዕራብና ለመካከለኛው አፍሪካ ገበሬዎች አስበው የጀመሩት ሲሆን፣ ወደ አገራችንም ገብቷል። ከውጭ የተለመደው ከረጢት ነው፤ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተጠምዝዘው ይታሰራሉ። እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባ፣ ውስጥ ያለው አየር አልቆ ነቀዙ ያለ አንዳች መርዝ ይሞታል። አያቶቻችን ወታደር ፈርተው የቆፈሩት ጉድጓድ ሥራ ማለት ነው እኮ! ልዩነቱ ይህኛው ሲያልቅ እንደ አቁማዳ ታጥፎ ይሰቀላል፤ ላስቲኩ እስካልተበሳ ድረስም በሚመጣው ዓመት ያገለግላል። ከአይጥ ግን ጠብቁት።

ለእድራችን የማቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ለለቅሶና ለተዝካር የሚሆነው ትልልቁ ድስት በየቤቱ እንዳይከማች አይደል ወይ እድሩ በጋራ የገዛው? እንዲያም ሆኖ በዓመት አንዴ ለሚደርስ ዝግጅት እያንዳንዳችን ሁለት ሦስት በርሜል አስቀምጠናል። የእድሩ ዕቃ ቤት ባዶ ግድግዳ አለው፤ ኩላብ ይተከልበት፣ ከላይም ቆጥ ይሠራ። ከአባላት ትርፍ በርሜልና ድስት የሚሰጥ ካለ ተመዝግቦ እዚያ ይቀመጥ፤ የፈለገ እየፈረመ ይወስዳል። የኩላቡን እንጨት እኔ አቀርባለሁ። የት የት እንደሚተከል ግን ያን ዕለት ያሳቁን እናት ቢወስኑልን እወዳለሁ፤ እኛ ወንዶቹ ከቁመታችን በላይ ሰቅለን እንዳናስቸግራቸው።