የእርሻ መምህርነት ትምህርት

የእርሻ መምህርነት ትምህርት፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአዝመራን፥ የከብት ርባታን፥ የአትክልትንና የእርሻ መሣሪያን ነገር ለማስተማር የሚሰናዳ ሰው የሚያልፍበት የዕውቀትና የልምምድ ሥርዐት ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው፥ ሥርዐቱ በሕግ ተደንግጎ ከመቶ ዓመት በላይ የቈየበት የአሜሪካ ሁኔታ ሲሆን፥ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙት የሞሪል ሕግ ለየስቴቱ መሬት በመስጠት የእርሻና የመካኒክ ኮሌጆችን ቢያስገኝም፥ የሁለተኛ ደረጃ የእርሻ መምህር ደመወዝና ሥልጠና ከማዕከላዊው መንግሥት ግምጃ ቤት ድጋፍ ያገኘው፥ የጆርጂያ እንደራሴዎች የነበሩት ሆክ ስሚዝና ዳድሊ ሂዩዝ ያቀረቡትን ሕግ ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን በ1917 በፈረሙ ጊዜ ነው። ከሕጉ አናቅጽ ሁሉ ይልቅ የመምህሩን ጠባይ የቀረጸው፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ተማሪው በየዓመቱ ቢያንስ 6 ወር በተቈጣጣሪ ሥር የእርሻ ተግባር ይፈጽም ዘንድ ያዝዝ የነበረው ነው፤ በዚህ ምክንያት መምህሩ ከጥቁር ሰሌዳው ተነሥቶ፥ ጭቃ ረግጦ፥ ተማሪው በአባቱ ማሳ የዘራውን በቆሎ ወይም በበረት ያሰረውን ጥጃ ሊያይ መሄድ ግዴታው ሆነ። ሐሳቡ ግን ሕጉን ይቀድማል፤ ሩፈስ ስቲምሰን በማሳቹሴትስ፥ በኖርዛምፕተን የእርሻ ትምህርት ቤት፥ ከ1908 ጀምሮ ተማሪው የተማረውን በቤተ ሰቡ እርሻ እንዲፈጽም ያደርጉ ነበርና፥ «የቤት ሥራ» የሚለው ቃል እንደ ፊደሉ የተተረጐመው በዚያ ነው ማለት ይቻላል።

ዕጩው መምህር አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት በዩኒቨርሲቲ ሲቀመጥ፥ በአንድ ወገን የአፈርን፥ የሰብልንና የእንስሳትን ሳይንስ፥ የእርሻ ኤኮኖሚን፥ ብየዳንና የሞተር ጥገናን፥ በሌላ ወገን ሥነ ልቡናንና የማስተማርን ዘዴ ይማራል። አፈርን በእጅ መለየት፥ ለምሳሌ፥ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም። ዕጩው ጭብጥ አፈር ወስዶ፥ ውሃ ጠብ እያደረገ እንደ ሊጥ ያሸዋል፤ ከዚያም በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እየጨመቀ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ አሸዋ የበዛበት ወዲያው ሲፈረፈር፥ ሸክላ የበዛበት (የእኛን ዋልካ ያስታውሳል) እንደ ጥብጣብ ይረዝማል። ይህንን በተማሪዎች ፊት፥ እጅ ጭቃ እንደ ሆነ፥ ክፍሉ ሳይታወክ ማሳየት ግን ሌላ ጥበብ ነው፤ ስለዚህ ዕጩው አንድ ሴሚስተር ያህል በነባር መምህር ሥር እንደ ረድእ ሆኖ ካስተማረ በኋላ ነው የስቴቱን የመምህርነት ፈቃድ የሚጠይቀው።

ከዚህ ሌላ መምህሩ በ1928 በካንሳስ ሲቲ ለተመሠረተውና ሰማያዊ የኮርዱሮይ ጃኬት መለያው ለሆነው የወደፊት ገበሬዎች ማኅበር በትምህርት ቤቱ አማካሪ ይሆናል። ማኅበሩ ዘግይቶ ነው በሩን ለሁሉ የከፈተው፦ ለጥቁር ተማሪዎች በ1935 ለብቻ የተቋቋመው አገር አቀፍ ማኅበር ከእርሱ ጋራ የተዋሐደው በ1965፥ ልጃገረዶች በሙሉ አባልነት የገቡት በ1969 ነው።

ይህ ሥርዐት ወደ ኢትዮጵያም ጥላውን ጥሏል። የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1950 አገራችንን ጐብኝተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተነጋገሩ፤ ከዚህም የተነሣ በ1952 በጅማ የሁለተኛ ደረጃ የእርሻ ትምህርት ቤት፥ ቈይቶም በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ መምህራን ርዳታ ሥራቸውን ጀመሩ። ቤኔት ግን ፖይንት ፎር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ርዳታ ኀላፊ ሆነው ሲዘዋወሩ በዲሴምበር 1951 በቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ስለ ሞቱ፥ የጅማው ደወል ሲደወል አልሰሙም።