ችፌ ይጋባል ወይ? የአንድ የቆዳ ሕመም ታሪክ

ባለፈው ተርም አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን የክርኗ መታጠፊያ ቆሳስሎ መጣች። ልጆቹ "ይጋባብናል" ብለው አብረናት አንቀመጥም አሉ። እኛ መምህራኑም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እከክ መስሎን ወደ ቤት ላክናት። ክሊኒክ ታይታ ችፌ ነው እስኪባል ሁለት ሳምንት ትምህርት አመለጣት። ችፌ ደግሞ ጨርሶ አይጋባም። አፍረን ታሪኩን ማንበብ ጀመርን።

ሐኪሞች "ኤክዜማ" ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን "ፈልቶ መውጣት" ማለት ነው። የአሚዳው ኤቲየስ የተባለ ሐኪም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች መጥፎ ፈሳሽ ከውስጥ ፈልቶ የወጣ ስለመሰላቸው ደም ያፈሱ ነበር። ቁስሉ ከደረቀ በሽታው ወደ ውስጥ ይገባል ብለው የፈሩም ነበሩ። (እኛም ሰፈር እንዲህ የሚል አይጠፋም!)

እ.ኤ.አ. በ1892 ፈረንሳዊው ቤኒዬ ሕመሙ በቤተሰብ እንደሚሄድና ከአስም ጋር እንደሚታይ አስተዋለ። በ1952 የሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ውጤት ታተመ። በ2006 ደግሞ የቆዳን ግድግዳ የሚያጠብቀው ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን ሲጎድል ቆዳው ውኃውን እንደሚያጣ ታወቀ። ይሁን እንጂ በ2011 የታተመ በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በአውሮፓ የተለመዱትን የዘር ለውጦች አላገኘም። ስለዚህ ምክንያቱ በሁሉም ሕዝብ አንድ ዓይነት አይደለም። መጻሕፍቱ "ቀይ ሽፍታ" ቢሉም በጥቁር ቆዳ ላይ ጠቆር ወይም አመድማ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

እከክን የሚለየው ምንድን ነው? እከክ በጣቶች መካከል ይወጣል፣ ሌሊት ይብሳል፣ የቤቱን ሰው ሁሉ ያዳርሳል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው።

ችፌን አቧራ፣ ላብ፣ ሻካራ ብርድ ልብስና የልብስ ሳሙና ያስነሱታል። በለብታ ውኃ ቶሎ ታጥቦ፣ ሳይፈትጉ አድርቆ፣ ቆዳው እርጥበት እንዳለው ቫዝሊን መቀባት ነው። ቫዝሊን የፓተንት ፈቃድ ያገኘው በ1872 ነው፤ ያረጀ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። ጥፍር ይቆረጥ። ከሱቅ የሚገዛ የማቅያ ቅባት ግን ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖረው ስለሚችል ተዉት። መግል ወይም ትኩሳት ካለ ክሊኒክ ይኬድ።

ልጅቷ አሁን ቫዝሊኗን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትመጣለች። የምትቀመጠውም የፊት ዴስክ ላይ፣ ከድሮ ጓደኛዋ ጋር ነው።