የተላጨ ራስ

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ በእኛ በአጅባር ስለ ሴት ልጅ ቁንጅና ሲወራ አስቀድሞ የሚነሣው ጠጉሯ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አስተማሪ ሳለሁ አንዲት ተማሪ በቆረቆር ምክንያት ራሷን ተላጭታ መጣች። ጓደኞቿ «ወንዳ ወንድ» እያሉ ሣቁባት፤ እኔም ፈገግ አልሁ። ልጅቱ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። ያ ፈገግታዬ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ይህን ታሪክ እጽፍላችኋለሁ።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመኳንንት ወገን ተወለደች፤ ለአፄ ሱስንዮስ አማካሪ ለመልክአ ክርስቶስም ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚህ በኋላ ከቤቷ ወጥታ ወደ ጣና ሄደች፤ ራሷንም ተላጨች። ባሏ የተሸሸገችበትን አገር ማጥፋት ስለ ጀመረ ግን ተመለሰች። ኋላ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን መገደል የባሏ እጅ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ፣ በ1617 በ25 ዓመቷ ፈጽማ ተለየችው። ጠጉሯን መላጨቷ ለሰው ዐይን ብቻ መኖሯ እንዳበቃ ያስታውቅ ነበር።

ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት ሲቀበል በግልጽ ተቃወመችው። እስከ ሞተችበት እስከ 1642 ድረስ ሰባት ማኅበሮችን አቋቋመች። እንደ እርሷ ባሏን ትታ የመነኰሰችው እኅተ ክርስቶስ የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ ነበረች፤ ከእርሷም በኋላ ማኅበሩን መራች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በእነዚህ ሁለት ሴቶች ፊት ሐሰት ሆኖ ይገኛል።

ገድሏ በ1672 በግእዝ ተጻፈ፤ በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር የተረጐሙት በእንግሊዝኛ ታተመ። ቤልቸር በሁለቱ ሴቶች ፍቅርና በገድሉ አንዳንድ ቃል ውስጥ ሴት ለሴት ያላት ፍላጎት ይታያል ብላ ጻፈች። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ግን ግእዙ ተጣሟል፣ የምንኵስና ፍቅርም ባዕድ ስም ተሰጥቶታል ብለው ተቃወሙ።

እኔ በዚህ ክርክር ፈራጅ አይደለሁም። ሴት ሴትን መውደዷ በየአገሩ የነበረና ያለ ነገር ነው፤ በአገራችን ሕግ ግን ድርጊቱ ያስቀጣል። ስለዚህ በሕያው ሰው ላይ ስም መለጠፍ ቀላል ጨዋታ አይደለም። ሁለቱ መነኮሳት ስለ ራሳቸው የጻፉት ቃል አልደረሰንም፤ ያልተናገሩትን በአፋቸው አናስገባ፤ ፍቅራቸውንም አፍረን አንሸፍን።

እንግዲህ ጠጉሯ ያጠረ፣ አረማመዷ የተለየ ወይም ከባልንጀራዋ የማትለይ ልጅ ብታዩ፣ ከመሣቃችሁ በፊት ስሟን ጠይቃችሁ በስሟ ጥሯት። እኔ የዚያችን ተማሪ ስም ዛሬ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የተሰደበችበትን ቃል ብቻ ነው።