«ይቻላቸዋል» እና «ራጅ»፦ ከ1888 ዓ.ም. የቃላት ታሪክ

በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ሕዝቡ ፒያሳ በሚለው ሠፈር፣ አንድ ሰው «ራጅ ተነሣሁ» ቢል አድማጩ ማብራሪያ አይጠይቅም። ቃሉ የተገኘው ከኢጣሊያንኛው «ራጂ» ነው፤ ይኸውም የ«ራጆ» ብዙ ቁጥር ሲሆን ፍችው ጨረሮች ማለት ነው። አማርኛ ግን ብዙውን እንደ ነጠላ ተቀብሎ ፍችውን ከጨረሩ ወደ ምርመራውና ወደ ምስሉ አዛወረው። ለዚህም ግሡ ምስክር ነው፤ ሰው ፎቶግራፍ ይነሣል እንጂ ጨረር አይነሣም።

የቃሉ ባለቤት የሆነው ነገር የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን በቩርዝቡርግ ከተማ አዲሱን ጨረር ያስተዋሉት ጥቅምት 29 ቀን ነበር (ኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ.)። ባሕርዩ ስላልታወቀ በሒሳብ ያልታወቀ መጠን በሚጻፍበት ፊደል «ኤክስ» አሉት። አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በሜይ 1896 እ.ኤ.አ. ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የ2 ወታደሮችን ክንድ በዚሁ ጨረር መርምረው የገባውን ጥይት ፈለጉ። ጨረሩ ለጦር ቁስለኛ ያገለገለው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ለዐድዋ ያደረሰው ጠብ ደግሞ በከፊል የቃል ጠብ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ያላቸውን ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል ማስፈጸም «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ግሥ «ኮንሴንቴ» ነው፤ ይህም «ይስማማሉ» እንደ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ «ይገደዳሉ» ይላል ሲባል እንሰማለን፤ እንዲያ አይልም። ግዴታውን ያመጣው አተረጓጎሙ ነው፤ ምርጫን የሚገልጽ ግሥ ስምምነትን በሚገልጽ ግሥ ስለ ተተካ፣ ሮማ በዚያ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም.፣ ከሮንትገን ግኝት ዓመት ሊሞላው 12 ቀን ሲቀር፣ ዳግማዊ ምኒልክና በሙያቸው ሐኪም የነበሩት ሻለቃ ቼዛሬ ኔራዚኒ በአዲስ አበባ ተፈራረሙ። ውሉ የውጫሌን ሻረ፤ የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ ገደብ አወቀ። የተጻፈውም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው።

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከ«ራጅ» ሥር «ከኢጣሊያንኛ» ብሎ ቢያልፍ ግማሹን ብቻ ተናገረ። የቁጥሩን መለወጥ፣ የፍችውን መዛወር፣ አብሮት የሚሄደውንም «ተነሣ» የሚለውን ግሥ መመዝገብ ይገባዋል። ተርጓሚም የፊዚክስ ጽሑፍ ሲያጋጥመው «የኤክስ ጨረር» ይበል፤ «ራጅ» ሕመምተኛው ከሆስፒታል ይዞት ለሚወጣው ምስል ይቆይ።