ሳይሞት ይገልበጥ

የጎጃም ብራና ጸሐፊዎች አንድ ነገር ያውቃሉ፦ አሮጌው መጽሐፍ የሚገለበጠው ፊደሉ ሳይጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ወደ ፊልም ያሻገረው በዚሁ ብልሃት ነው።

የኮምፒውተር ታሪክም ከዚህ አይርቅም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች እያሽከረከረ 5 ሚሊዮን ፊደላት ይይዝ ነበር። የዛሬው እጅግ ብዙ ይይዛል፤ ግን አሁንም ይሽከረከራል፤ የሚሽከረከር ደግሞ ያልቃል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይፈጥናል፣ መንገጫገጭም ይችላል።

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ያላችሁ፣ ዲስካችሁ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ፎርማት አታድርጉት። መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ፣ ከዚያ ኤስኤስዲውን አስገጥሙ። እሱም ሟች ነውና ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑራችሁ። የቤተሰብ ፎቶና የመሬት ሰነድ ቅጂ ከገበያ አይገዛም።